የክልል አዋጆችና የጤና ጣቢያው ካዝና

በኢትዮጵያ አንድ ጤና ጣቢያ በምን ገንዘብ መድኃኒት እንደሚገዛ ከጤና ሚኒስቴር ይልቅ የሚወስኑት የክልል አዋጅና የወረዳ በጀት ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አገር አቀፍ የጤና ደረጃዎችንና የፖሊሲ መመዘኛዎችን ማውጣት ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቶ፣ የራስን ፖሊሲ አውጥቶ ማስፈጸምን ለክልሎች ተወ። በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጣለበት። የጭማሪው ልክ ግን አልተጻፈም። ገንዘቡ በጥቅል ድጎማ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ይወርዳል። ወረዳው ለውኃ፣ ለትምህርትና ለጤና ሲያከፋፍለው ትልቁን ድርሻ ደመወዝ ይወስደዋል።

ለረጅም ዘመን ሕመምተኛው ለካርድ፣ ለላቦራቶሪና ለመድኃኒት የከፈለው ገንዘብ ተጠቃሎ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ነበር። ገንዘቡን የሰበሰበው ጤና ጣቢያ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ፣ ታማሚው የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ወደ ግል ፋርማሲ ይሄድ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ይህን ለመለወጥ አቅጣጫ ቢያስቀምጥም፣ ሐሳቡ ሕግ እስኪሆን ዓመታት አለፉ። አማራ፣ ኦሮሚያና የቀድሞው ደቡብ ክልል አዋጅ በማውጣት ቀደሙ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ከእነዚህ አዋጆች ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ድንጋጌ፣ ተቋሙ የሰበሰበውን ገቢ ለራሱ አስቀርቶ እንዲጠቀም የፈቀደው ነው። ገንዘቡ ለመድኃኒት፣ ለሕክምና መሣሪያና ለጥገና ይውላል፤ አጠቃቀሙን የሚያጸድቀው ኅብረተሰቡ የሚወከልበት የአስተዳደር ቦርድ ነው። አብሮት የተቀመጠ ሌላ ቁም ነገርም አለ፦ የውስጥ ገቢው በመደበኛው በጀት ላይ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሆንም። ይህ መርሕ ካልተጠበቀ ማሻሻያው ትርጉም ያጣል። ወረዳው «ገቢ አላችሁ» ብሎ በጀት ከቀነሰ፣ ጤና ጣቢያውን እያኖረ ያለው የታማሚው ኪስ ነው ማለት ነው።

አዋጆቹ ድሃውንም አልዘነጉም። ክትባት፣ የወሊድ አገልግሎት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና ለማንም ሰው ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ከዚህ ሌላ የመክፈል አቅም የሌላቸውን ኅብረተሰቡ በየቀበሌው ይለያል፤ የሕክምና ወጪያቸውን ወረዳው ለተቋሙ ይተካል። በወረቀት ላይ ሥርዓቱ የተሟላ ነው። ነገር ግን ወረዳው ዕዳውን በወቅቱ ካልከፈለ ጉዳቱ በተቋሙ ላይ ይወድቃል፤ ተቋሙም የነጻ ታካሚ በመጣ ቁጥር ፊቱን ማጥቆሩ አይቀርም።

በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሕመም ጊዜ ከኪስ የሚወጣውን ክፍያ ለማቃለል የመጣ ነው። አባወራው ሳይታመም በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፣ የድሆቹን መዋጮ ክልሉና ወረዳው ይሸፍናሉ፣ ፌዴራሉም ይደጉማል። መድኑ ከሙከራ ወጥቶ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አባሉን የሚያቆየው ግን መታወቂያው ሳይሆን መድኃኒቱ ነው፤ ከፍሎ መድኃኒት ያጣ ገበሬ በዓመቱ አያድስም።

ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን ከዚህ ያነሰ ተራምዷል። አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ ቀጥሎ የመጣው ደንብ ሠራተኛውና አሠሪው ከደመወዝ 3 በመቶ፣ 3 በመቶ እንዲያዋጡ ደነገገ። ሠራተኛው ግን ደመወዙን ከኑሮ ውድነቱ ጋር አነጻጽሮ ቅር ተሰኘ፤ ትግበራውም በተደጋጋሚ ተራዘመ።

በቅርብ ዓመታት በተሠሩት የአገሪቱ የጤና ሒሳብ ጥናቶች ከጠቅላላው የጤና ወጪ ሲሶ ገደማው ከሰው ኪስ፣ ሌላው ሲሶ ያህል ከውጭ እርዳታ የመጣ ነው። የመንግሥትን ድርሻ ከፍ ለማድረግ በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ የአፍሪካ መንግሥታት ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር። የአሜሪካ እርዳታ በ2017 ዓ.ም. በድንገት ሲቋረጥ በውጭ ገንዘብ ላይ መደገፍ ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ታየ። ስለዚህ የራሳችን ገንዘብ የት እንደሚውል ለማወቅ የወረዳችሁ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለድሆች ሕክምና የተያዘው ገንዘብ ስንት ነው? ያለፈው ዓመት ዕዳስ ለጤና ጣቢያው ተከፍሏል?