የጅማ ቡና በማስ ዲቴክተር ፊት

ከአጋሮ፣ ከጌራ ወይም ከሊሙ ገነት የመጣ ቡና መጀመሪያ የሚዳኘው በቀማሽ ምላስና አፍንጫ ነው። ካፌይኑ ስንት እንደሆነ፣ ሻጋታ መርዝ ትቶበት እንደሆነ ግን ምላስ አይደርስበትም። ለዚያ ቡናው ተፈጭቶ፣ ተጣርቶ ወደ ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ይገባል።

የቡናው ፈሳሽ ደቃቅ ዱቄት በታጨቀበት ቀጭን ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ይገፋል። ዱቄቱ የሚይዘው ንጥረ ነገር ይዘገያል፣ የማይይዘው ቶሎ ያልፋል። ከቱቦው ጫፍ ላይ በብርሃን የሚሠራው ነባሩ ጠቋሚ አንድ ነገር መውጣቱን ያሳያል፤ ማንነቱን ለመለየት ግን ብዙ አይረዳም። ማስ ዲቴክተር ንጥረ ነገሩን ኤሌክትሪክ ያስይዝና በክብደቱ ይለየዋል። ዋተርስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ኪውዲኤ ከዚህ ዓይነት አነስተኛ መሣሪያዎች አንዱ ነው።

አድካሚው ሥራ የሚመጣው ማሽኑ ከጨረሰ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። የሁሉም ክብደቶች ድምር ግራፍ ሲከፈት የተደራረበ የጉብታ መንጋ ነው። ስለዚህ የግራፉ አንባቢ አንድ ክብደት መርጦ ያወጣል። የካፌይን ክብደት 194 ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚያስይዘው ፕሮቶን ሲጨመርበት 195። በ195 የወጣው ግራፍ ላይ አንድ ጥርት ያለ ጉብታ ይቆማል። እስከዚህ ቀላል ነው።

ቀጥሎ ትራይጎኔሊን የተባለው ሌላው የቡና ንጥረ ነገር ይፈለግ፤ ፕሮቶን ይዞ 138 ይመዝናል። በ138 ሲወጣ ግን ጉብታው ሁለት ይሆናል። የመጀመሪያው ገና በጠዋቱ ከቱቦው ያመለጠው ትራይጎኔሊን ነው። ሁለተኛው የቆመው ልክ በካፌይን ሰዓት ላይ ነው፤ መሣሪያው መግቢያ ላይ ቮልቴጁ በርትቶበት 57 ያህል ክብደት የጣለ ካፌይን! ከ195 ላይ 57 ሲቀነስ 138። ሁለቱን የደመረ ሰው ትራይጎኔሊን የሌለበት ቦታ ትራይጎኔሊን አገኘ ማለት ነው። ማጣሪያው ቮልቴጁን ዝቅ አድርጎ ናሙናውን መድገም ነው፤ ሁለተኛው ጉብታ ይሟሽሻል፣ የመጀመሪያው በቦታው ይቆያል።

ክብደት ብቻውን የማይበቃበት ሌላም አለ። በቡና ውስጥ ያሉት ሦስት ዋና ዋና የክሎሮጂኒክ አሲድ ዓይነቶች ክብደታቸው አንድ ነው፣ 354። እነሱን የሚለያቸው ቱቦው ነው።

በሌላ በኩል ጥቂት ክብደት ትልቅ ታሪክ ትይዛለች። እ.ኤ.አ. በ1964 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ቡድን በኢትዮጵያ የቡና ዘር ሲሰበስብ፣ ያኔ ዋና ከተማው ጅማ የነበረውን ከፋን አዳርሶ ነበር። የብራዚል ተመራማሪዎች ከዚያ የኢትዮጵያ ዘር የበቀሉ 3,000 ያህል ዛፎችን መርምረው፣ በተፈጥሯቸው ካፌይን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ ሦስት ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2004 ኔቸር መጽሔት ላይ አሳወቁ። በአንዱ ዛፍ አንድ ግራም ቡና ውስጥ የተገኘው ካፌይን 0.76 ሚሊግራም ሲሆን፣ በተለመደው ዝርያ 12 ነበር። ዛፎቹ የሚያከማቹት ቲዮብሮሚን፣ ማለትም የመጨረሻዋ 14 ክብደት ያልተጨመረችበት ካፌይን ነው። በማስ ዲቴክተር 181 ላይ የሚታየው እሱ ነው።

ጣጣው የሚበረታው ኦክራቶክሲን ኤ ላይ ነው። መሬት ላይ ተሰጥቶ ዝናብ የመታው ቡና ሻጋታ ይይዛል፣ አንዳንዱ ሻጋታም ይህን መርዝ ይተዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በተቆላ ቡና የሚፈቅደው በኪሎግራም 3 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ቀድሞ 5 ነበር። በዚህ መጠን ጉብታው ከግራፉ ጭረት እምብዛም አይለይም። የሚያጋልጠው በውስጡ ያለው ክሎሪን ነው፦ 404 ላይ ከታየ 406 ላይ ሲሶ ያህል ከፍታ ያለው ጓደኛ ሊኖረው ይገባል። ጓደኛው ከጠፋ ጥርጣሬ ነው።

ከዚያ በጉብታው ሥር መስመር ይሰመራል፣ ከመስመሩ በላይ ያለው ስፋት ወደ መጠን ይቀየራል። ሶፍትዌሩ ራሱ ያሰምራል፤ ሰው መስመሩን በማውዝ ትንሽ ካዘቀዘቀው ግን 3.2 የነበረው 2.9 ሊሆን ይችላል፣ ጭነቱም ያልፋል። ለዚህ ነው በአግባቡ የተዋቀረ ሶፍትዌር ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳዘቀዘቀው መዝግቦ የቀድሞውንም ውጤት ከአዲሱ ጎን የሚያስቀምጠው።