ቮልስ በሦስት እግሯ ስትሄድ

የድሮዋ ቮልስ ዳገት ላይ እየተንቀጠቀጠች ካስቸገረችዎ፣ «ሞተሩ ይውረድ» የሚለውን ውድ ምክር ከመቀበልዎ በፊት ከአራቱ ሲሊንደሮች የማይሠራው የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

የቤንዚን ሽታ ካለ ጨርሶ አያስነሷት፤ ያረጀ የቤንዚን ጎማ መኪና ያቃጥላል። ሽታ ከሌለ፣ ልጆችንም ነጠላንም ከቺንጋው አርቀው፣ ሞተሩ እንደጠፋ አንድ የካንዴላ ገመድ ይንቀሉ። ከዚያ አስነስተው ያዳምጡ፤ የተነቀለውን ገመድ ግን አይንኩ፣ ያነዝራል። አጥፍተው ይመልሱትና በሌሎቹም በየተራ ይድገሙት። ገመዱ ተነቅሎም የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ፣ ሰነፉ እሱ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩ። ችግሩ አብሮ ከሄደ የሚገዙት አንድ ካንዴላ ብቻ ነው።

ችግሩ ሦስተኛው ላይ፣ ማለትም በሾፌሩ በኩል ወደ ፊት ባለው ሲሊንደር ላይ ከቀረ ችላ አይበሉት። እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል በፊት በተሠሩት ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደዚያ የሚሄደውን ነፋስ ስለሚከልል ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩም ቀድሞ ይጎዳል። መካኒክዎ ሞተሩ ሳይሞቅ ክፍተቱን ይለካ፤ በአብዛኞቹ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ጠቦ ከተገኘ በጊዜው ይስተካከላል። ቫልቩ ከተቃጠለ ግን ያኔ ሞተሩ እውነትም ይወርዳል።