እንዲህ ያለው ሰውም ይድናል?

የእግዚአብሔር ጸጋ ለኃጢአተኛ ሁሉ ነው ብለን ስንሰብክ አሜን የማይል የለም። «ሁሉ» የሚለው ቃል የሰው ስም ሲያገኝ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጎረቤታችንን ያስገደለው? ሕፃኗን የደፈረው? ያ ሰው ዛሬ አምኛለሁ ብሎ ከፊታችን ወንበር ላይ ቢቀመጥ አሜናችን ያው ነውን? ጥያቄው ከባድ ነው፤ በችኮላ የሚመልሱትንም ሰዎች ብዙ አላምናቸውም።

አንድ በታሪክ የታወቀ ጉዳይ እንመልከት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1945 በጀርመን ኑረምበርግ ከተማ የናዚ መንግሥት ዋና ዋና ባለ ሥልጣናት ለፍርድ ቀረቡ። ሄንሪ ጌሪኬ የሚባል የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ፓስተር እነዚህን እስረኞች በቃለ እግዚአብሔር እንዲያገለግል ተጠየቀ። ሰውየው ሉተራን ነው፤ ጀርመንኛ ይችላል፤ ከጦርነቱ በፊትም በሴንት ሉዊስ እስረኞችን ያገለግል ነበር። እምቢ ማለት ይችል ነበር። ልጆቹ በዚያው ጦርነት ቆስለዋል፤ የዳካውን የማጎሪያ ካምፕም በዓይኑ አይቷል። ሆኖም ሄደ። ፕሮቴስታንት የሆኑት 15ቱ ለእርሱ ተሰጡ፤ የቀሩትን አንድ የካቶሊክ ቄስ ያዘ። ጌሪኬ በየክፍላቸው እየገባ እጃቸውን ጨበጠ። በዚህም በኋላ ብዙ ተነቅፎበታል።

ከእስረኞቹ አንዱ የጀርመን ጦር ኃይሎች ጠቅላይ እዝ አለቃ የነበረው ቪልሄልም ካይትል ነው። በእርሱ ፊርማ በወጡ ትእዛዞች ብዙ ምርኮኞችና ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል። ሌላው ፍሪትዝ ሳውክል ከተያዙት አገሮች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን ለግዳጅ ሥራ ያስጋዘ ነው። ሁለቱ ከጌሪኬ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ አነበቡ፤ ጸለዩ፤ በክርስቶስ ማመናቸውን ተናገሩ። ጌሪኬም የጌታን እራት ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1946 ሁለቱም በስቅላት ተቀጡ።

ሄርማን ጎሪንግም በእስር ቤቱ የአምልኮ ፕሮግራም ላይ ይገኝ ነበር፤ ይዘምርም ነበር። ሞቱ ሲቀርብ የጌታን እራት ጠየቀ። ክርስቶስን አዳኙ አድርጎ እንደማይቀበል ግን በግልጽ ተናገረ። ጌሪኬ እራቱን ከለከለው። ጎሪንግ በዚያው ምሽት፣ ሊሰቀል ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ መርዝ ውጦ ሞተ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጎሪንግ የተከለከለው ኃጢአቱ ከካይትል ስለበለጠ አልነበረም። አንዱ በበሩ ለመግባት ተንበረከከ፤ ሌላው በሩን ራሱን ናቀ። (የካይትል ንስሐ ከልብ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው፤ ጌሪኬም የሰማውን አፍ እንጂ ልቡን አላየም።) ከአምልኮ አለመቅረት፣ መዘመርና የቅዱስ ነገር ተካፋይ ለመሆን መፈለግ ንስሐ ካልገባ ልብ ጋር አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ይህ ነገር ከናዚዎቹ ይልቅ ለእኛ ለምእመናን ይቀርባል።

ብዙዎች ይቅርታ ማለት እግዚአብሔር ኃጢአትን ዝም ብሎ ማለፉ ይመስላቸዋል። ነፍሰ ገዳይን እንዲሁ የሚለቅ ዳኛ ካለ እኛ ጉቦ በልቷል እንለዋለን። እግዚአብሔር እንዲህ አላደረገም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 3፥25-26 የሚያስረዳን ይህንኑ ነው፤ ፍርዱ አልተሰረዘም፣ በመስቀል ላይ በክርስቶስ ላይ ተፈጸመ። እንግዲህ «የዚህ ሰው ኃጢአት ለይቅርታ በዝቷል» የምንል ከሆነ ሳናውቀው የምንመዝነው የክርስቶስን ደም ነው። ጳውሎስ ራሱን ከኃጢአተኞች ዋና ብሎ የጠራው ለትሕትና ያህል አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያንን ያሳደደ ሰው ነበር። ምሕረት ያገኘሁትም ከእኔ በኋላ ለሚያምኑት ምሳሌ እንድሆን ነው ይላል (1ኛ ጢሞ. 1፥15-16)።

ከብሉይ ኪዳን ንጉሥ ምናሴን አስቡ። 55 ዓመት ነገሠ፤ ልጆቹን በእሳት አሳለፈ፤ ኢየሩሳሌምን በንጹሕ ደም ሞላ። በሰንሰለት ታስሮ ወደ ባቢሎን በተወሰደ ጊዜ ራሱን እጅግ አዋረደ፤ እግዚአብሔርም ልመናውን ሰማ (2ኛ ዜና 33፥11-13)። ደስ ይላል። ነገር ግን 2ኛ ነገሥት 24፥3-4ንም አብራችሁ አንብቡ። እርሱ ያፈሰሰው ደም ከዓመታት በኋላ በይሁዳ ላይ መዘዝ አምጥቷል። ምናሴ ምሕረት አገኘ፤ የሞቱት ግን አልተመለሱም። በጌታ ጎን የተሰቀለው ወንበዴም ገነት ተሰጠው እንጂ ከመስቀሉ አልወረደም።

ይህ ለእኛም የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1979 ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1992 ነው። ለ13 ዓመት ያህል ቤተሰብ የት እንደተቀበሩ አያውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ግን ነበር። በዚያን ዘመን እጁን በደም የነከረ ሰው ዛሬ በክርስቶስ ቢያምን፣ ጌታ ለእኔና ለእናንተ ከሰጠን ያነሰ ይቅርታ አይሰጠውም። ቤተ ክርስቲያን ግን ለሟች ቤተሰብ «በቃ፣ እርሱት» ለማለት ሥልጣን የላትም። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. 19፥8)። ሕይወት አይመለስም፤ እውነት ግን ይመለሳል። ንስሐ ገብቻለሁ የሚል ሰው አንዲት እናት ልጇ የት እንደተጣለ የማታውቀውን እርሱ የሚያውቅ ከሆነ ሄዶ ይንገራት። ሕግ ቢፈልገውም ይቅረብ።

ምናልባት ይህን የምታነበው አንተ ራስህ፣ ወይም አንቺ እህቴ፣ ለማንም ያልተናገራችሁት ነገር ይኖራል። በየእሁዱ ትዘምራላችሁ፤ የጌታ እራት ሲታደል ግን እጃችሁ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ማታ መዝሙር 51ን በጉልበታችሁ ሆናችሁ አንብቡ፤ ያደረጋችሁትን በስሙ እየጠራችሁ ለጌታ ንገሩት። በማግስቱም ምሥጢር ወደሚጠብቅ ሽማግሌ ወይም ፓስተር ሂዱና የተበደለው ሰው ካለ ከማን ዘንድ መጀመር እንደሚገባ አብራችሁ ተነጋገሩ።