የፖሊስ ደመወዝና የነጋዴው ግብር

በጣና ዳር ሱቅ ወይም ሆቴል ያለው ነጋዴ ስለ ፖሊስ ደመወዝ ድምፅ ስጥ ተብሎ አይጠየቅም። ወጪው ግን ይነካዋል። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ፖሊስ የማደራጀትና የመምራት ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። ባሕር ዳር የሚሰበሰበው የአማራ ክልል ምክር ቤት ደግሞ ሐምሌ 1 የሚጀምረውን ዓመታዊ በጀት ያጸድቃል። የገንዘቡ ዋና ምንጮች የፌዴራል ድጎማና የክልሉ ገቢ ናቸው፤ በአንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴዎች ግብር የክልሉ ነው። እንግዲህ ድጎማው ሳያድግ ደመወዝ ቢጨመር ልዩነቱ ወይ ከግብር ይሰበሰባል፣ ወይ ከመንገድና ከውኃ ሥራ ይቀነሳል። በአንዳንድ የአሜሪካ ካውንቲዎች መራጩ ለጸጥታ ሥራ በሚጣል ታክስ ላይ በቀጥታ ድምፅ ይሰጣል። እዚህ ግን የነጋዴው ድምፅ የሚደርሰው በመረጠው የምክር ቤት አባል በኩል ነው። ስለዚህ ከሐምሌ በፊት ተመራጩን ማነጋገር ያዋጣል።