ሞተሯ ቤንዚን «ትጠጣለች»? ከመሸጣችሁ በፊት ለኩ

የአክስቴ ልጅ ሉማሜ ውስጥ በአንዲት አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው የሚተዳደረው። ከገበያ ዕቃ ያመላልሳል፣ የገጠር ቀበሌ ድረስ ያደርሳል። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ ሞተሯን ሊሸጥ ገዥ ሲያፈላልግ አገኘሁት።

«ቤንዚን ትጠጣለች በቃ! የምሠራው ለእሷ ነው» አለኝ።

አንድ መካኒክ «ፒስተኗ አልቋል፣ ከነፋሻው ይቀየር» ብሎታል። የተጠየቀው ብር ደግሞ ልጁ ሁለት ወር ሠርቶ የሚያተርፈውን የሚበላ ነው። እኔ ኢኮኖሚክስ ተምሬ ስለ ሞተር የማውቀው ብዙ አይደለም። ግን አንድ ነገር ጠየቅኩት፦ «በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?»

ትንሽ አሰበና «በቀን ሁለት መቶ ምናምን ብር እቀዳለሁ» አለ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ይሄ መልስ ስለ ኪሱ እንጂ ስለ ሞተሯ ምንም አይነግረንም። ምክንያቱም ሞተሯ ምንም ሳትሆን ኪሱ ሊጎዳ ይችላል። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። ጥር 2017 ላይ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ ማለት ነው፤ ከዚያም በኋላ ጨምሯል። ከማደያ ውጭ በሃይላንድ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከዚህም በላይ ይከፍላል። ስለዚህ መጀመሪያ የዋጋውን ጥፋት ከሞተሯ ጥፋት እንለይ።

ስልካችሁ ይለካል

አለካኩ ቀላል ነው። ሰልባትዮውን አፉ ድረስ ሙሉ። እንደወትሮው ሁለት ሦስት ቀን ሥሩ። ከዚያ እንደገና እዚያው ምልክት ድረስ ሙሉ። ሁለተኛው ሙሌት የፈጀው ሊትር የተጠቀማችሁት ነው። የሄዳችሁበትን ኪሎ ሜትር ለዚያ አካፍሉት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ካልሠራ (የስንቱ አሮጌ ሞተር ይሠራል?) መንገዱን በስልካችሁ ካርታ ላይ ለኩት።

ማደያ የምትቀዱ ከሆነ ሌላም ጥቅም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ ወደ ዲጂታል ስለገባ የቴሌብር መልዕክቶቻችሁ ሳታውቁት የነዳጅ መዝገብ ሆነዋል። የከፈላችሁትን ብር ለሊትሩ ዋጋ አካፍሉት፣ ሊትሩ ይወጣል።

የእኛ ሞተር በሊትር 16 ኪሎ ሜትር ሆና ተገኘች። እንደዚህ ያለች ትንሽ ባለ ሁለት ምት ሞተር ደህና ስትሆን 25 እና 30 ኪሎ ሜትር መሄድ አለባት። ለስሌት እንዲመቸን ሊትሩን 100 ብር እንበለው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በ16 ሒሳብ 250 ብር ያወጣል፤ በ25 ሒሳብ ግን 160 ብር። ልዩነቱ በቀን 90 ብር ነው። በወር 26 ቀን ቢሠራ 2,340 ብር። ይሄ እንግዲህ የቤት ኪራይ የሚሸፍን ገንዘብ ነው በጭስ የሚወጣው።

ሁለት ምት ማለት ምንድነው?

በየወረዳው የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ሲነዷቸው ያየናቸው እንደ ያማሃ ዲቲ ያሉ ሞተሮች የዚህ ወገን ናቸው። ባለ አራት ምቱ ፒስተን ሁለቴ ወጥቶ ሁለቴ ወርዶ አንዴ ያቃጥላል። ባለ ሁለት ምቱ በወጣ በወረደ ቁጥር ያቃጥላል። ስለዚህ ቀላልና ጉልበተኛ ነው። ክፉ ጎኑ፣ አዲሱ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ሲገባ አሮጌው ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳም ክፍት መሆኑ ነው። ከገባው የተወሰነው ሳይቃጠል አብሮ ይወጣል፤ በአንዳንድ ሁኔታ እስከ ሲሶ ሊደርስ ይችላል። ይሄ የተፈጥሮ ጠባይዋ ነው፣ አይጠገንም። የሚጠገነው ከዚህ በላይ የምታባክነው ነው።

ከነፃው ወደ ውዱ

እኛ የተከተልነው መርህ አንድ ነው፦ ምንም የማያስወጣውን መጀመሪያ፣ ብዙ የሚያስወጣውን መጨረሻ።

ማታ ሞተሯ ሥር ካርቶን አነጠፍን። ጠዋት የቤንዚን ነጠብጣብ ቢኖር ኖሮ መልሱ ያው ነበር፤ ቧንቧው ወይ ካርቡሬተሩ ያፈሳል ማለት ነው። ደረቅ ሆኖ አገኘነው። (እባካችሁ ይሄን በክብሪት ወይም በሻማ ብርሃን አትፈልጉ።)

ቀጥሎ ፍሪሲዮን ሳንነካ ማርሿን ዜሮ ላይ አድርገን ገፋናት። ከበደችን። ትንሽ ነድተን የኋላ ጎማውን መሐል ጠጋ ብለን በጥንቃቄ ስንሞክረው ፍሬን ሳይያዝ ግሏል። ልጁ ለካ ፍሬኑን አጥብቆ አስሮት ቀኑን ሙሉ እያሸ ነበር የሚሄደው! የኋላ ጎማው ነፋስም ጎድሏል። ካቴናዋም ደርቃለች።

ሦስተኛው የአየር ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ነው። በጋ ላይ የአዋበልን የገጠር መንገድና የጤፍ አውድማ አቧራ የሚያውቅ ሰው ምን እንዳገኘን ይገምታል። ስፖንጁ ጭቃ ሆኗል። አየር ሲያንስ በድብልቁ ውስጥ ቤንዚኑ ይበዛል፤ የበዛው ሳይቃጠል ይወጣል።

አራተኛው ካንዴላው ነው። ካንዴላ የሞተር ምስክር ነው። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። እርጥብና ዘይታም ከሆነ ዘይቱ በዝቷል ወይም እሳቱ ደክሟል። ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሷል፤ ያ ከሁሉም ይከፋል፣ ሞተር ያቃጥላል። የእኛው እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሮ ነበር። ለዚህ ፊልትሮው አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛውን ያገኘነው ካርቡሬተሩ ላይ ነው፤ ጠዋት ለማስነሳት የሚሳበው ቾክ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ማለትም ሞተሯ ቀኑን ሙሉ «ገና ጠዋት ነው» እያለች ነበር የምትሠራው።

ደጋው ራሱም ድርሻ አለው

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች፤ ሉማሜም በዚያው ደጋ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። መፍትሔው ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ብሎን፣ ጀት የሚሉትን፣ በትንሹ ማሳነስ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ለደጋ ብቻ አሳንሳችሁ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ከወረዳችሁ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ሙቀቱ ሲጨመርበት ቤንዚን አንሶት ፒስተኑ ሊነክስ ይችላል። ቆላ ደጋ የሚል ሰው ባይነካው ይሻለዋል።

ዘይት ላይም ቁጠባ የለም። መጽሐፏ 1 ለ40 ካለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 25 ሚሊ ሊትር ነው፤ 1 ለ50 ካለ 20። በመርፌ ሲሪንጅ ለኩት እንጂ በግምት አትጨምሩ። ሲበዛ ካንዴላና ማርሚታ በጥላሸት ይደፍናል፤ ሲያንስ ሞተሩን ይገድላል። የሃይላንድ ቤንዚን ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ደግሞ ጭሱ ይበዛል፣ ጉልበቷ ይወርዳል፤ የሊትር ሒሳባችሁም ይበላሻል።

ታዲያ ፒስተኑስ?

ፍሬኑን አላላን፣ ጎማውን ሞላን፣ ካቴናውን ቀባን። ፊልትሮውን አጥበን በዘይት አራስነው፣ የቾኩን ገመድ አስተካከልን፣ ካንዴላ ቀየርን። ገንዘብ ያወጣነው ለካንዴላውና ለዘይቱ ብቻ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ስንለካ በሊትር 25 ኪሎ ሜትር መጣ። ፒስተኑ አልተነካም።

መካኒኩ ዋሽቷል እያልኩ አይደለም። ፒስተኑ እውነትም ሊያልቅ ይችላል። ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ ማስነሻው እግር ሥር ቀሎ ከወረደ፣ ዳገት ላይም ካቃታት፣ ያኔ ትመት የሚለካ መሣሪያ ባለው ጋራዥ አስለክቶ መወሰን ነው። ብቻ የመጨረሻው ጥርጣሬ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው አይሁን።

ይሄን ሁሉ ብዬም ሒሳቡ ሌላ ነገር ይነግረኛል። ትንሽ ባለ አራት ምት ሞተር በሊትር 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ ሰው ይሄ በ25 ሒሳብ ላይ ሌላ 60 ብር የቀን ትርፍ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን መሸጧ አይቀርም። ግን በ16 የምትሄድን ሞተር «ትጠጣለች» ብሎ በርካሽ መሸጥና በ25 የምትሄድን በመዝገብ አስደግፎ መሸጥ አንድ አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ገዥ መፈለጉን ትቶታል፣ ለጊዜው። ስልኩ ላይ ሊትርና ኪሎ ሜትር የሚጽፍበት ማስታወሻ ከፍቷል። ከየቀኑ 90 ብር ስንቱን እንደሚያስቀምጥ ግን እስካሁን አልነገረኝም።