የተወረሰ ዕቃ ጠላቱ እርጥበት ነው

ከአባቶቹ የተወረሰ የብራና መጽሐፍ፥ የሐር ካባ ወይም የቆዳ ጋሻ በቤቱ ያኖረ ሰው አለ። እኛም ከአባታችን የወረስነው አንድ ዳዊት ነበረን፤ ከሌባ ይጠበቅ ብለን ክረምቱን በሙሉ በብረት ሣጥን ቈልፈን ከግንብ አስጠግተን አኖርነው። በመስከረም ብንከፍተው ግን ሽፋኑ ሻጋታ ለብሶ ቈየን። ደንግጠን ወዲያው በፀሓይ ብናሰጣው ብራናው ተኰማትሮ አልዘረጋ አለ። ኹለት ጊዜ የበደልነው እኛው ነን፤ መዠመሪያ ባለማወቅ፥ ኹለተኛም በችኰላ።

ሙቀትና እርጥበት በሚበዛበት አገር ያሉ ቤተ መዘክሮች ይህን ነገር አጥብቀው መርምረውታል፤ ስለ አንዱ እንናገራለን።

በብራዚል አገር፥ በሪዮ ዴ ዣኔይሮ ከተማ፥ የሩይ ባርቦዛ ቤት የተባለ ቤተ መዘክር አለ። ሩይ ባርቦዛ የሕግ ዐዋቂና የመንግሥት ሰው ነበር፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1907 በሄግ በተደረገው የሰላም ጉባኤ ስለ አገሩ ቆሞ የተናገረ ነው። ከ1895 ዠምሮ እስከ 1923 በዚህ ቤት ኖረ፤ ከሞተ በዃላም መንግሥት ቤቱን ገዝቶ በ1930 ለሕዝብ ከፈተው። ትቶት ያለፈው መጽሐፍ 37 ሺሕ ያህል ነው።

ከተማው በውቅያኖስ አጠገብ ስለ ኾነ አየሩ እርጥብ ነው። አየር ሊሸከም ከሚችለው የውሃ ተን ከመቶ 75 እጅ በላይ ይዞ ሲሰነብት ሻጋታ ይበቅላል። ብዙ ሰው መድኀኒቱ ቤቱን በመኪና ማቀዝቀዝ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን የቀዘቀዘ አየር የሚሸከመው ውሃ ያነሰ ነውና፥ ውሃው ሳይቀነስለት ቢቀዘቅዝ እርጥበቱ ይብሳል፤ ከውጭ የሚገባውም ሙቅ አየር ቀዝቃዛውን ግንብ ሲነካ ጤዛ ይኾናል። መኪናው ድንገት ቢቆም ደግሞ ዕቃው በአንድ ቀን ኹለት ዐይነት አየር ይፈራረቅበታል።

ስለዚህ የቤቱ ጠባቂዎች በአሜሪካ፥ በሎስ አንጀለስ ከተማ ካለው ከጌቲ የጥበቃ ተቋም ጋራ ተማክረው፥ በ21ኛው መቶ ዓመት መዠመሪያ ለመጻሕፍቱ ክፍል ሌላ ዘዴ አበጁ። ይኸውም የሚገባውን አየር እርጥበቱን ቀንሶ የሚያስገባ፥ የሰነበተውንም የሚያስወጣ መኪና ነው። የአሳባቸው ፍሬ ይህ ነው፤ መጽሐፍ ብርድ አይሻም፤ የሚሻው ደረቅ ያለ፥ የሚንቀሳቀስና ቶሎ ቶሎ የማይለዋወጥ አየር ነው።

እንግዲህ መኪና የሌለን ሰዎች ከዚህ የምንማረው አለ። ሣጥኑን ከግንቡ አንድ ክንድ አርቆ፥ ከመሬትም በእንጨት ከፍ አድርጎ ማኖር፤ ዝናብ አባርቶ አየሩ ሲደርቅ መስኮት መክፈት፥ ሲዘንብ መዝጋት፤ በየሳምንቱም ሣጥኑን ከፍቶ ማየት ይገባል። የሻገተ ቢገኝ ከሌላው ለይቶ፥ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቀስ በቀስ ማድረቅ እንጂ በፀሓይ ማስጣት አይገባም።

ዳዊታችን ዛሬም ይነበባል፤ የብራናው መኰማተር ግን አልለቀቀም። ልጆቻችን ምክንያቱን ሲጠይቁን ሳንደብቅ እንነግራቸዋለን።