በበረዶ ምርኩዝ የቆመው ተራራ

በምዕራብ ካናዳ፣ ከቫንኩቨር ከተማ በስተሰሜን፣ ሚገር የሚባል የእሳተ ገሞራ ተራራ አለ። ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው ከዛሬ 2,400 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ታች ሸለቆው ውስጥ ያለው ሰው ግን የሚሰጋው እሳቱን ሳይሆን ናዳውን ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2010፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከተራራው አንዱ ጫፍ ተገምሶ ወረደ። ወደ 50 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚገመት ድንጋይና ጭቃ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ተንደርድሮ የሊሎዌትን ወንዝ ለሰዓታት ገደበው። ግድቡ ቢደረመስ ጎርፍ ይመጣል ተብሎ በፔምበርተን ሸለቆ የሚኖሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። ደግነቱ የሞተ አልነበረም። በ1975 ግን እዚያው ተራራ ላይ የወረደ ናዳ አራት የጂኦሎጂ ባለሙያዎችን ቀብሮ አስቀርቷል።

እሳተ ገሞራ ከሩቅ ሲያዩት ግዙፍ ይምሰል እንጂ ውስጡ ብዙ ጊዜ የበሰበሰ ነው። ከሥር የሚወጣው ትኩስ ውሃና አሲዳማ ጋዝ ጠንካራውን ድንጋይ ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ አፈር ይለውጠዋል። በተራራው ላይ የተጋደመው የበረዶ ግግርም የዋህ ጎረቤት አይደለም፤ ሺህ ዓመታት ሙሉ የተራራውን እግር እየፋቀ ገደል ያደርገዋል። የፋቀውን ያህል ግን ራሱ ደግፎ ይይዘዋል። አየሩ ሲሞቅ በረዶው ይሸሻል፤ ምርኩዙ ተነጠቀ ማለት ነው። የቀለጠው ውሃ ደግሞ በስንጥቁ ሰርጎ ገብቶ ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋዋል። የሚገር ትልልቅ ናዳዎች በበጋው ሙቀት መውረዳቸው ለዚህ ነው።

ናዳው የእሳቱንም ክዳን ሊያነሳ ይችላል። በ1980 በአሜሪካ የሴንት ሄለንስ ተራራ ሰሜናዊ ጎን ሲናድ፣ ታፍኖ የነበረው ማግማ (የቀለጠ ዓለት) ወዲያው ፈነዳ። እዚያ ተራራውን የገፋው ከሥር የመጣው ማግማ ራሱ ነበር እንጂ የበረዶ መቅለጥ አልነበረም። ክብደት በድንገት ሲነሳ ምን እንደሚከተል ግን በግልጽ አሳይቷል።

ሚገር ላይ በ2016 በሳሳው በረዶ መካከል ትኩስ ጋዝ የቦረቦራቸው ዋሻዎች ታዩ። በዚያው በጋ የሳተላይት ራዳር ከተራራው ገደሎች ሁለቱን ሲለካ፣ በ24 ቀን ውስጥ እያንዳንዳቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ተንቀሳቅሰው ተገኙ።